የንግሥት ማቲልድ ቤተ ክርስቲያን፣ ክቬድሊንቡርግ፦ ለቦታው 5 ኮከብ፣ ለቱሩ 2

በአጭሩ መልሱን ለምትፈልጉ፦ ሂዱ፣ ግን የግሩፕ ቱር አትግዙ። ቲኬታችሁን እዛው ቆርጣችሁ በራሳችሁ ሰዓት ዙሩት። ለምን እንደዛ እንደምል ማወቅ የፈለገ ይቀጥል፣ ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም ቦታውን በጣም ወድጄዋለሁ ቱሩ ደሞ በጣም አናዶኛል፣ ለየብቻ ካልጻፍኩት ሰው ቦታውን የማማ ይመስለዋል።

ቦታውን ለማታውቁ፣ ክቬድሊንቡርግ ጀርመን ዛክሰን አንሃልት ክልል ውስጥ ሃርዝ ተራራ ግርጌ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከቤቶቹ በላይ የአለት ኮረብታ አለ፣ እሱ ላይ ሁለት ማማ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብሏል፣ ቅዱስ ሰርቫቲየስ ይባላል፣ ጎኑ ላይ ደሞ እመምኔቶቹ ይኖሩበት የነበረ ቤተ መንግሥት የሚመስል ግቢ አለ። አሁን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ936 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እስከ 1800ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ግን የመኳንንት ሴቶች ገዳም ነበር፣ ያቋቋመችውም ማቲልድ የምትባል የዛክሰን ባላባት ልጅ ናት፣ የጀርመን ንጉሥ የቀዳማዊ ሃይንሪሽ ሚስት፣ የታላቁ ኦቶ እናት። ቦታው የሷ ነው። አራት ነጥብ። ቱሩ ላይ ግን ይሄን ያለን ሰው የለም።

ቱሩን ቶሎ ልጨርሰውና ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ባንድ ቀን ብዙ ከተማ እናሳያችኋለን ከሚሉት የአውቶቡስ ጉዞዎች አንዱ ነው፣ ኦንላይን የገዛሁት፣ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ እንደሱ የሚሸጡ ሞልተዋል ሁሉም ያው ናቸው። ጋይዱ ከአውቶቡስ ከወረድንበት ጀምሮ ሃይንሪሽ፣ ሃይንሪሽ፣ ሃይንሪሽ። በ919 ነገሠ፣ በ933 ሀንጋሪዎችን ድል አደረገ፣ ወፍ እያጠመደ ሳለ ዘውድ ይዘው መጡለት የሚባለው ተረት፣ እሱንም ከኮረብታው ስር ያለችው ፊንከንሄርድ የምትባል ሰፈር ላይ አቁሞ በድራማ ተረከልን። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስንገባ ማቲልድ "ሚስቱም እዚህ ተቀብራለች" በምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈች። ከዛ ለሱቆቹ የተሰጠን ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከተሰጠን ይበልጣል፣ ንዋየ ቅድሳቱ ክፍል ጭራሽ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም፣ "ተጨማሪ ክፍያ ስላለው" ተባልን። እሺ፣ ክፍያውን እኔ እከፍላለሁ ሰዓቱን ግን ማን ይሰጠኛል! ስለዚህ ሌላ ጊዜ ብቻዬን በባቡር ተመልሼ ሄድኩ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከሱ ነው።

ጋይዱ ያልነገረን ትልቁ ነገር ምን መሰላችሁ፣ የሃይንሪሽ መቃብር ባዶ ነው። አጽሙ የለም። መቼና እንዴት እንደጠፋ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰውም የለም። የማቲልድ የድንጋይ ሣጥን ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እዛው አለ፣ ክሪፕቱ ውስጥ (ከዋናው መቅደስ ስር ያለው ምድር ቤት ማለት ነው)፣ ክዳኑ ላይ በላቲን ማርች 14 ንግሥት ማቲልድ እንዳረፈችና እዚህ እንደተቀበረች ነፍሷም ዘላለማዊ ዕረፍት እንድታገኝ የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ዓመቱ 968 ነው። እንግዲህ የንጉሥ መቃብር እያሉ ሰው የሚያስጎበኙበት ቦታ ላይ ንጉሡ የለም፣ ያለችው ንግሥቲቱ ናት፣ ቦታውን ገዳም ያደረገችውም እሷ፣ 30 ዓመት ያስተዳደረችውም እሷ። ታዲያ "ሚስቱም" ምን የሚሉት ነው?

ለክሪፕቱ ብቻ ተብሎ እንኳ መምጣት ያዋጣል። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ብዙ ዓምድ፣ የዓምዶቹ ራስ እያንዳንዱ የተለያየ ቅርጽ፣ ጣሪያው ላይ ደሞ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ፣ ደብዝዟል ግን ቀስ ብላችሁ ስታዩ ሰው ሰው መለየት ይጀምራል፣ የሶስና ታሪክ አለበት። ግድግዳው ጋ የሦስት እመምኔቶች የመቃብር ንጣፎች አሉ፣ ቀዳማዊት አደልሃይድ፣ ቤያትሪክስ፣ ዳግማዊት አደልሃይድ፣ ሦስቱም የንጉሥ ዘሮች ናቸው፣ ቁመታቸው ሙሉ ሰው የሚያክል ምስል፣ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው የሚያዩ፣ መጽሐፍ የያዙ። ከሞቱ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው የተሠራላቸው ስለዚህ መልካቸው ነው ብላችሁ አትያዙት። እኔ ግን እነሱ ጋ ነው ረጅም ሰዓት የቆምኩት። መካከለኛው ዘመን ጀርመን ስንል ንጉሥ፣ ጦርነት፣ ጳጳስ ነው የሚመጣልን፣ እዚህ ግን ከተማ የሚገዙ፣ ቀረጥ የሚሰበስቡ፣ ሳንቲም የሚያስመቱ ሴቶች ተደርድረዋል።

አሁን ስለ ማቲልድ። የተወለደችው 895 አካባቢ ነው፣ ዘሯ ከቪዱኪንድ ይመዘዛል፣ ሻርለማኝን ለዓመታት ሲዋጋ ከነበረው የዛክሰኖች መሪ። ያደገችው ሄርፎርድ ገዳም ውስጥ ነው፣ አያቷ እዛ እመምኔት ነበረች፣ ስሟም ያው ማቲልድ (ይሄ ቤተሰብ ውስጥ ስም በጣም ቁጠባ ነው፣ ታገሡኝ)። ሃይንሪሽ ስለ ልጅቷ ሰምቶ መጣ፣ አይቷትም ብዙ ሳይቆይ ይዟት ሄደ። በ909 ቫልሃውዘን የሚባል ቦታ ተጋቡ። ሰውዬው ከዛ በፊት ሃተቡርግ የምትባል ሚስት ነበረችው፣ ፈቷት ነው ይቺን ያገባው። አምስት ልጅ ወለዱ፣ ኦቶ፣ ጌርበርጋ፣ ሃድቪግ፣ ሃይንሪሽና ብሩን፣ አንዱ ንጉሠ ነገሥት ሆነ፣ አንዱ የባቫሪያ መስፍን፣ አንዱ የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ፣ አንዷ የፈረንሳይ ንግሥት፣ ሌላዋ ደሞ ልጇ የፈረንሳይ ንጉሥ የሆነላት። እንዲህ ያለ ቤት።

በ929 ንጉሡ ለሚስቱ ጥሎሽ ብሎ ርስት በጽሑፍ ሰጣት፣ እሱ ቢሞት የምትተዳደርበት፣ ክቬድሊንቡርግ፣ ፖልደ፣ ኖርድሃውዘን፣ ግሮነ፣ ዱደርሽታት። ይሄን ያዙልኝ በኋላ ጠብ ያስነሳል። ሃይንሪሽ ጁላይ 2 ቀን 936 ሜምሌበን ላይ ሞተ፣ አስከሬኑን አምጥተው እዚህ ኮረብታ ላይ ቀበሩት። ልጁ ኦቶ ኦገስት 7 አኽን ላይ ዘውድ ጫነ፣ ሴፕቴምበር 13 ደሞ ክቬድሊንቡርግ መጥቶ የገዳሙን ቻርተር (የማቋቋሚያ ደብዳቤ) ሰጠ። ቀኖቹን አስተውሉልኝ። ባሏ ከሞተ ገና ሦስት ወር ሳይሞላ፣ አዲሱ ንጉሥ መንግሥቱን እንኳን በቅጡ ሳይዝ፣ ገዳሙ ቆመ። ወረቀቱ ላይ የኦቶ ስም ነው ያለው፣ የሴትየዋ ግፊት ባይኖርበት ግን በዛ ፍጥነት የሚሆን ነገር አይመስለኝም።

ገዳም ስል ደሞ ሁላችሁም ቆብ የጫኑ፣ ዓለምን የናቁ መነኮሳት እንዳይመጡባችሁ። እዚህ የገቡት ሴቶች ከእመምኔቷ በቀር የዕድሜ ልክ መሐላ የለባቸውም። የግል ንብረታቸው አይነካም፣ አገልጋይ ሊኖራቸው ይችላል፣ ትዳር ከመጣ ደሞ ወጥተው ያገባሉ። በዛ ዘመን አንዲት የመኳንንት ልጅ ማንበብና መጻፍ በደንብ የምትማርበት፣ ካላገባችም ወንድሞቿ ቤት ጥገኛ ሳትሆን በክብር የምትኖርበት ቦታ እንደዚህ ዓይነት ነበር። ለቤተሰቦቹም ይመቻል፣ የንጉሥ ልጅ ላገኘው ሁሉ አትዳርም፣ አማች ሁሉ ነገ ዘውድ ይገባኛል ሊል ይችላል። ቅድስናና ፖለቲካ ባንድ ጣሪያ ስር፣ እኔ ይሄ አይረብሸኝም፣ የሚረብሸው ይኖራል።

ዋናው ሥራቸው ጸሎት ነው፣ በተለይ ለሙታን። ሃይንሪሽንና ዘመዶቹን በየሞቱበት ቀን ስም እየጠሩ መዘከር። ማቲልድ ይሄን ነገር ቀልድ አላደረገችውም፣ ገድሏ ላይ እንደተጻፈው ቅዳሜ ቅዳሜ ለድሆች የተለየ ምጽዋት ታደርግ ነበር ባሏ የሞተው ቅዳሜ ስለነበረ። ልትሞት ስትል ደሞ ለልጅ ልጇ ለእመምኔቷ የሙታን ስም የተጻፈበትን የቀን መቁጠሪያ ሰጥታ የሃይንሪሽን ነፍስና የራሷን አደራ አለቻት። ከብርና ከወርቁ ሁሉ ይልቅ ሆን ብላ ያስረከበችው የስም ዝርዝር ነው። እኔን ከታሪኳ በሙሉ የያዘኝ ይሄ ነው።

ገድሏ ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው፣ አንዱ ከሞተች ጥቂት ዓመት በኋላ፣ ሁለተኛው ወደ 1000 ዓ.ም ዞር ባለበት ጊዜ፣ ሁለተኛው ደሞ ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ፖለቲካ ተቀይሮ ስለነበር እሷ ከኦቶ ይልቅ ታናሹን ሃይንሪሽን ትወድ ነበር፣ እንዲነግሥም ፈልጋ ነበር ይላል። የዛን ጊዜ ዙፋኑ ላይ የነበረው የታናሹ ሃይንሪሽ የልጅ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ጸሐፊው ለማን እንደሚጽፍ ያውቃል። ያም ሆኖ ጠቡ ራሱ እውነት ይመስላል፣ ልጆቿ የመንግሥት ሀብት ለድሃና ለቤተ ክርስቲያን እየበተንሽ ነው ብለው ጥሎሿ ላይ መጡባት፣ እሷም ትታላቸው ኤንገር ወደሚባለው የአባቷ ርስት ሄደች። ያስታረቀቻቸው የኦቶ ሚስት ኤዲት ናት ይላል ገድሉ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ልጅ የነበረችው። አስቡት፣ ወንዶቹ ልጆቿ የሚያሳድዷት በገንዘብ፣ የምታስመልሳት ምራቷ። ተመልሳም ዝም አላለችም፣ በ961 አካባቢ ኖርድሃውዘን ላይ ሌላ የሴቶች ገዳም አቋቋመች።

እዚህ ክቬድሊንቡርግ ግን እመምኔት የሚል ማዕረግ ሳይኖራት ነው 30 ዓመት የመራችው። በ966 የልጅ ልጇ ማቲልድ፣ የኦቶ ልጅ፣ በ11 ዓመቷ እመምኔት ሆና ተሾመች። 11 ዓመት! ይቺ ልጅ አድጋ ምን ሆነች ብትሉ፣ በ997 የወንድሟ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሣልሳዊ ኦቶ ጣሊያን ሲሄድ ጀርመንን በሱ ቦታ ሆና ያስተዳደረችው እሷ ናት። በ994 ክቬድሊንቡርግ የገበያ፣ የሳንቲምና የቀረጥ መብት ያገኘችውም በሷ ዘመን ነው፣ ከተማዋ ከተማ የሆነችው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። ነገሥታቱ ፋሲካን የሚያከብሩት እዚህ ነበር፣ ታላቁ ኦቶ በ973 የመጨረሻ ፋሲካውን እዚህ ነው ከየአገሩ የመጡ መልእክተኞች ተሰብስበው ያከበረው፣ ከዛ ሁለት ወር ሳይሞላ ሜምሌበን ላይ ሞተ፣ አባቱ የሞተበት ቦታ።

ወደ ሪቪው ልመለስ። ሕንጻው ማቲልድ ያየችው አይደለም፣ በ1070 እሳት በልቶት እንደገና ተሠርቶ በ1129 የተባረከው ነው አሁን የምታዩት። ውስጡ ጨለማ አይደለም፣ ያሸበረቀም አይደለም፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ከእንጨት የተሠራ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ አንድ አራት ማዕዘን ምሰሶ ከዛ ሁለት ክብ ዓምድ፣ እንደገና ምሰሶ፣ እንደዛ እየተፈራረቀ ይሄዳል። የዓምዶቹ አናት ላይ ንስርና አውሬ ተቀርጿል። ቀና ብላችሁ እዩ፣ ቱሩ ላይ ቀና ያለ አልነበረም ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው።

አሁን አንድ ነገር፣ ከውጭ በምሥራቁ በኩል ዞራችሁ ስታዩት የጎቲክ (የኋለኛው መካከለኛ ዘመን) አሠራር ነው፣ ውስጥ ገብታችሁ ያንኑ ቦታ ስታዩት ደሞ ክብ የሮማንስክ (ከጎቲክ በፊት የነበረው አሠራር) ግድግዳ ነው። ግራ ይገባል። ይሄ የናዚዎች ሥራ ነው። የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ድርጅት) አዛዥ ሂምለር ሃይንሪሽን ይወደው ነበር፣ ምሥራቅን ያስገበረ ንጉሥ ብሎ፣ እና በጁላይ 2 ቀን 1936 የሞተበትን 1000ኛ ዓመት እዚህ በኤስኤስ ሥነ ሥርዓት አከበረ። በዓመቱ የንጉሡን አጽም አገኘን አሉ፣ በክብር ቀበሩት፣ ከጦርነቱ በኋላ ሲከፈት ውሸት ሆኖ ተገኘ። በ1938 ምእመናኑን አስወጥተው ቤተ ክርስቲያኑን የኤስኤስ መታሰቢያ አደረጉት፣ ጎቲኩ ለነሱ ጀርመናዊነት አልሸት ስላለ ውስጡን አፍርሰው "ጥንታዊ" የሚመስል ሠሩበት። እስከ 1945 ቅዳሴም አገልግሎትም አልነበረም። እዚህም ላይ ልብ በሉ፣ ሰዎቹ የፈለጉት ሃይንሪሽን ብቻ ነው። ሚስቱ ጸሎት ያስጸለየችበት ቤት መሆኑን ትተው ጸሎቱን አስወጡት። ሃይንሪሽ ሃይንሪሽ የሚለው አተራረክ ከዛ በፊትም ነበር፣ እነሱ ግን ጥግ አደረሱት፣ ስለዚህ ዛሬ አንድ ጋይድ ማቲልድን ሲዘል ዝም ብሎ የጊዜ እጥረት ነው ብዬ አላልፈውም።

ንዋየ ቅድሳቱ። በምንም ዓይነት እንዳትዘሉት። ክፍሎቹ ትንሽ ናቸው፣ አንዱ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ዕቃ ቤት የነበረው ራሱ ነው፣ መብራቱ ዝቅ ያለ ነው ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ። ያሉት ነገሮች፣ የዝሆን ጥርስ የተለበጠ የቅዱስ ሰርቫቲየስ የአጽም ሣጥን፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ የ9ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል ዕንቁ የተሞላ ገበታ ያለው፣ የሃይንሪሽ የጢም ማበጠሪያ ነው የሚባል የዝሆን ጥርስ ሚዶ፣ ከግብጽ የመጡ የክሪስታል ብልቃጦች፣ እነሱ ሙስሊም ባለሙያዎች የሠሯቸው ናቸው እዚህ መጥተው የቅዱሳን አጽም ተቀመጠባቸው። አንድ የአልባስጥሮስ ማሰሮ ደሞ አለ፣ ቃና ዘገሊላ ላይ ውኃው ወይን ከሆነባቸው ጋኖች አንዱ ነው ይባላል። ነው አይደለም ብዬ አልከራከርም ማሰሮው ግን ያምራል። እና ትልቁ ምንጣፍ፣ 1200 አካባቢ በእመምኔት አግነስ ጊዜ የገዳሙ ሴቶች የቋጠሩት፣ አሁን በቁርጥራጭ ነው የቀረው፣ ላዩ ላይ የሜርኩሪና የፊሎሎጊያ ሰርግ ነው ያለው። ገዳም ውስጥ የአረማውያን አማልክት ሰርግ ምን ይሠራል ካላችሁ፣ ሴቶቹ የተማሩ ነበሩ፣ የዘመኑ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ታሪክ ነው። ለጳጳሱ ስጦታ ታስቦ የተጀመረ ነው ይባላል፣ ያው ሳይላክ እዚሁ ቀርቷል።

ይሄ ሁሉ ደሞ ለትንሽ ነው ከመጥፋት የተረፈው። በጦርነቱ ጊዜ ዕቃውን ከከተማው ውጪ ዋሻ ውስጥ ደብቀውት ነበር፣ በ1945 አሜሪካኖች ሲገቡ ጠባቂ አቆሙ፣ ጆ ቶም ሚዶር የሚባል የቴክሳስ ልጅ መኮንን ግን ምርጥ ምርጡን እያወጣ በወታደር ፖስታ ወደ እናትና አባቱ ቤት ላከው። በፖስታ! ያንን ወንጌል! ከዛ አገሩ ገብቶ ተራ ኑሮ ኖረ፣ በ1980 ሞተ፣ ወራሾቹ ሊሸጡት ገበያ ሲያወጡት ነው ነገሩ የፈነዳው። ፍርድ ቤት፣ ድርድር፣ በመጨረሻ ጀርመኖች 2.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለው አስመለሱት፣ በ1993 ወደ ክቬድሊንቡርግ ተመለሰ። ጥቂት ዕቃ እስካሁን አልተገኘም። የራስህን ንብረት ገንዘብ ከፍለህ ስታስመልስ ምን ይባላል፣ እኔ አላውቅም፣ ግን መስታወቱ ፊት ቆማችሁ ወንጌሉን ስታዩት ደግ አደረጉ ነው የምትሉት።

ገዳሙ እንዴት እንዳለቀ ባጭሩ፣ በ1540 አካባቢ ሉተራን ሆነ፣ ግን አልተዘጋም፣ ይሄ ራሱ ይገርማል፣ እመምኔቶቹ ፕሮቴስታንት ሆነው ቀጠሉ፣ የመጨረሻዋ የስዊድን ልዕልት ሶፊያ አልበርቲና ነበረች፣ ከዛ በ1803 ተወረሰ፣ የፕሩሲያ መንግሥት ወሰደው። በመሀል የነበሩትን ሁሉ መተረክ ሌላ ሪቪው ነው።

ተግባራዊ ነገሮች እንግዲህ። በባቡር ቀላል ነው፣ ማግደቡርግ ወይ ሃልበርሽታት ቀይራችሁ ትመጣላችሁ፣ ክልል ባቡር ስለሆነ የዶቼላንድ ቲኬት (በክልል ባቡሮች ወር ሙሉ የሚያስኬደው) ያላችሁ ሌላ አትከፍሉም። ከጣቢያ ኮረብታው ድረስ በእግር ይደረሳል። ጫማ! ከተማው በሙሉ በክብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ወደ ላይ ያለው መንገድ ደሞ ዳገት ነው፣ ሂል አድርጋችሁ እንዳትመጡ፣ የልጅ ጋሪ ይዞ መግፋት ጉልበት ይፈልጋል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ስለ መወጣጫው ደውላችሁ ጠይቁ። ሰኞ አትምጡ፣ እሁድ ጠዋት ደሞ ጸሎት ስላለ ከሰዓት አድርጉት፣ የመክፈቻ ሰዓቱ በክረምትና በበጋ ስለሚለያይ ከመነሳታችሁ በፊት እዩት። ክሪፕቱ በጋም ቢሆን ይቀዘቅዛል፣ ጃኬት ያዙ።

ዲሴምበር ላይ ቅዳሜና እሁድ የድሮ ቤቶቹ ግቢዎች ለገና ገበያ ይከፈታሉ፣ በጣም ያምራል ግን ሰዉ እንደ ጉድ ነው፣ ለማቲልድ ብላችሁ ከሆነ የምትመጡት ሌላ ወር ምረጡ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ሙንትሰንበርግ የሚባል ሌላ ትንሽ ኮረብታ አለ፣ ያቺ የ11 ዓመቷ እመምኔት አድጋ በ986 ለወንድሟ ነፍስ ብላ ያቋቋመችው የማርያም ገዳም እዛ ነበር፣ በኋላ ድሆችና ሙዚቀኞች ቤት ሠርተውበት ቤተ ክርስቲያኑ በየሰዉ ምድር ቤት ውስጥ ተቆራርጦ ቀርቷል፣ ከፊሉን አውጥተው ሙዚየም አድርገውታል። ከዛ ላይ ነው የሰርቫቲየስ ምርጥ ፎቶ የሚነሳው፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ። ከተማው ራሱም በ1994 ዩኔስኮ የመዘገበው ነው፣ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ የድሮ ቤቶች ከ2,000 በላይ አሉ ይባላል፣ በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ብዙዎቹ ሊፈርሱ ነበር። ምግብ ላይ ብዙ አልጽፍም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ስር ቺዝኬክ በየዓይነቱ አለ፣ ብሉ።

ኮከቦቹን ላስቀምጥ። ቤተ ክርስቲያኑና ክሪፕቱ 5። ንዋየ ቅድሳቱ 5፣ ቢቻል 6። የገዛሁት ቱር 2፣ እሷንም ሹፌሩ ጎበዝ ስለነበረ ነው። ቱር የግድ ካስፈለጋችሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ የሚያስጎበኝበትን ሰዓት ጠይቃችሁ በዛ ግቡ፣ ሻጩ ሌላ ከሆነ ደሞ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ንዋየ ቅድሳቱ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ? ክሪፕቱ ውስጥ ስንት ደቂቃ ነው የምንቆየው? ካልመለሰላችሁ ለባቡሩ ክፈሉት።